ሞባይል ምንድን ነው? (ስልኩን አይደለም)

የቅርጻቅርጽ መምህር ገብቶ «የዚህ ወር ሥራችሁ ሞባይል መሥራት ነው» ሲል ክፍሉ ውስጥ ሳቅ አይጠፋም። ግማሹ ተማሪ ኪሱን ይዳብሳል። ይሄኛው ሞባይል ግን ቻርጀርም ሲምም አይፈልግም። ከጣሪያ ተንጠልጥሎ፣ በር ሲከፈት ወይም ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ በሚነሳው አየር ብቻ ቀስ እያለ የሚዞር ቅርጽ ነው። ከሕፃናት አልጋ በላይ የሚሰቀለውን መጫወቻ አይታችሁ ከሆነ ዘመዱን ታውቁታላችሁ።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። አንድ የሽቦ ዘንግ አለ። በአንዱ ጫፍ ከላሜራ ወይም ከካርቶን የተቆረጠ «ቅጠል» ይይዛል። በሌላው ጫፍ ሌላ ዘንግ ይንጠለጠልበታል። ያም የራሱን ቅጠል ይዞ ሦስተኛውን ያንጠለጥላል። እንዲህ እያለ ይወርዳል። ያ ሁሉ ጓዝ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ከላይ ባለች አንዲት መንጠቆ ላይ ነው።

ስሙ የወጣው በ1931 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሥራው ባለቤት አሜሪካዊው ቀራፂ አሌክሳንደር ካልደር ነው። አባቱም አያቱም ቀራፂ ነበሩ። እሱ ግን መጀመሪያ የሄደው ወደ ሌላ ነው፤ በ1919 በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመረቀ። ጥበቡ ግን አልለቀቀውም። በ1930 ፓሪስ ውስጥ የሠዓሊው ፒየት ሞንድሪያንን ስቱዲዮ ሲጎበኝ ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ባለቀለም አራት ማዕዘኖች አየ። «እነዚህ ቢንቀሳቀሱስ?» አለ። ሞንድሪያን ሐሳቡን አልወደደውም። ካልደር ግን ሄዶ ራሱ ሞከረው።

የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዳንዶቹ በሞተር፣ አንዳንዶቹ በእጅ የሚዞሩ ነበሩ። ያኔ ነው ፈረንሳዊው አርቲስት ማርሴል ዱሻምፕ «ሞባይል» ብሎ ስም ያወጣላቸው። ቃሉ በፈረንሳይኛ «ተንቀሳቃሽ» ማለት ነው፤ «የድርጊት ምክንያት» የሚል ትርጉምም አለው። ካልደር እያደር ሞተሩን ትቶ ሥራውን ለአየር ሰጠው። በእኔ ግምት ትልቁ ውሳኔው ይሄ ነው። ሞተር የታዘዘውን ዙር ይደጋግማል፤ ሁለት ጊዜ ካያችሁት ሦስተኛውን ታውቁታላችሁ። አየር ግን ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም።

ከስሙ በፊት ነገሩ አልነበረም ማለት አይደለም። ማን ሬይ የተባለው አርቲስት በ1920 የልብስ መስቀያዎችን አንዱን ባንዱ ላይ እያንጠለጠለ አንድ ሥራ ሠርቷል። አንዱ መስቀያ ሁለት ይሸከማል፤ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። እስከ 32 ሲወርድ ድምሩ 63 መስቀያ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም፤ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ሚዛኑ ብዙ አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው ግራና ቀኙ እኩል ያልሆነው ነው። እንሞክረው። 24 ሳንቲ ሜትር ዘንግ አለን። በአንዱ ጫፍ 30 ግራም ቅጠል፣ በሌላው 10 ግራም። የቱ ላይ ብንይዘው ቀጥ ብሎ ይቆማል? ሕጉ ክብደት ሲባዛ በርቀት በሁለቱም በኩል እኩል ይሁን ይላል። ስለዚህ ማንጠልጠያው ከከባዱ 6፣ ከቀላሉ 18 ሳንቲ ሜትር ላይ ይውላል። 30 በ6 ሲባዛ 180፤ 10 በ18 ሲባዛም 180።

«ይቺማ የፊዚክስ ክፍል ጥያቄ ናት» ትሉ ይሆናል። ችግሩ ሽቦውም ይመዝናል። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሽቦ በሜትር 25 ግራም ገደማ ነው። የኛ ዘንግ ብቻውን 6 ግራም ሆነ ማለት ነው፤ የትንሿን ቅጠል ክብደት ከግማሽ በላይ። እሱ ሲጨመር ነጥቡ ከ6 ወደ 6.8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሸሻል። ከዚያ ቅጠሉን ቀለም ትቀቡታላችሁ፤ ቀለምም ይመዝናል። ስሌቱ ሰፈሩን ይነግራችኋል፤ ቤቱን የምታገኙት በጣት ነው። ክር ዘንጉ ላይ ላላ አድርጋችሁ ታስራላችሁ፣ ከፍ አድርጋችሁ ትይዙታላችሁ፣ በጥፍር ትንሽ በትንሽ ትገፉታላችሁ። ድንገት ዘንጉ ማዘንበሉን ትቶ ፀጥ ይላል። እዚያው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ሽቦውን አጥፋችሁ የማንጠልጠያውን ቀለበት የምትጠመዝዙት እዚያ ነው።

ሥራው ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። በተማሪነቴ ይሄን ሰምቼ አልሰማሁም። ያማረው ከላይ ያለው ትልቁ ዘንግ ስለሆነ ከሱ ጀመርኩ። ሦስት ቀን አስተካከልኩት። ከዚያ ከታች አንዲት ቅጠል ስጨምር ሁሉም ነገር ወደ አንድ ጎን ወደቀ። የታችኛው ዘንግ ከነቅጠሎቹ ለላይኛው አንድ ዕቃ ነው። የዕቃውን ክብደት ሳታውቁ ሚዛኑ ላይ አትሰቅሉም። መምህሩ ምንም አላለኝም። ምን ይበል? የተንጋደደው ሞባይል ተናግሮ ጨርሷል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው። ዘንጉ ቀጥ ያለ ከሆነና ማንጠልጠያውም ልክ በመስመሩ ላይ ከሆነ፣ ዘንጉ ትንሽ ዘመም ሲል የሚመልሰው ኃይል የለም። ትንኝ ብታርፍበት እንኳ ይገለበጣል። ስለዚህ ሽቦው በትንሹ እንደ ቅስት ይታጠፋል፤ ጫፎቹ ዝቅ ይላሉ፣ የስበት ማዕከሉም ከማንጠልጠያው በታች ይወርዳል። አሁን ቢነካም ተወዛውዞ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሞባይሎች ላይ የምናየው ያ የሚያምር ጎበጥ ያለ መስመር ለውበት ብቻ የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቅስቱን ማብዛትም ዋጋ አለው፤ ሚዛኑ ግትር ይሆንና ቀላል አየር አያወዛውዘውም። ስንት ያህል ይታጠፍ? እዚህ ላይ ኢንጂነሩና አርቲስቱ አንድ ሰው ካልሆኑ ሲጨቃጨቁ ያድራሉ።

ቅጠሎቹም እንዲሁ ናቸው። ሚዛኑ የሚያውቀው ክብደትን ነው፤ አየሩ የሚያውቀው ስፋትን። ሁለት ቅጠሎች እኩል 20 ግራም ይመዝኑ። አንዷ ወፍራምና ትንሽ፣ ሌላዋ ስስና ሰፊ ብትሆን ለዘንጉ ልዩነት የለውም። ለዓይን ግን ሌላ ነገር ናቸው፤ ለነፋሱም። ሰፊዋ ቁልቁል ከተንጠለጠለች እንደ ሸራ አየሩን ትቀበላለች። እንደ ሳህን ከተዘረጋች ከጎን የመጣውን አየር ጠርዟ ብቻ ያገኘዋል።

የእጁ ሥራ ያለው ቀለበቱ ላይ ነው። ክብ አፍ ያለው ፒንሳ ያስፈልጋል። ቀለበቱ ክፍት ከቀረ የታችኛው ዘንግ ሾልኮ ይወድቃል፤ ከጠበበ ይነክሳል፣ መዞርም ያቆማል። የላሜራውን ጠርዝ በሞረድ ማለስለስ አትርሱ፤ ጓንትም ይኑር። ጣት ይቆርጣል።

ነገሩ ሲተልቅ ጣጣውም አብሮ ይተልቃል። ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ ምሥራቅ ሕንፃ ውስጥ የካልደር ግዙፍ ሞባይል አለ። በ1977 ሲሰቀል እሱ ካረፈ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። በመጀመሪያው ሐሳብ በብረት ቢሠራ ኖሮ ክብደቱ ለቤት ውስጥ አየር የሚቻል አልነበረም። ፖል ማቲስ የተባለ አርቲስትና ኢንጂነር ቅጠሎቹን ውስጣቸው እንደ ማር እንጀራ ክፍት ክፍት በሆነ አሉሚኒየም ሠራቸው። አሁንም ከ400 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ግን የሕንፃው አየር ያንቀሳቅሰዋል።

የናንተን ስትጨርሱ እፍ ብላችሁ አትፈትኑት። በእፍታማ ምን የማይንቀሳቀስ አለ? ስቀሉትና ራቅ በሉ። እስኪረጋ ጠብቁ። ከዚያ አንድ ሰው በአጠገቡ ዝም ብሎ ይለፍ።