«ግዴለሽ ነው» የምትሉት ልጅ

በመምህራን ማረፊያ ክፍል በየዓመቱ የማትቀር አንድ ንግግር አለች። «ያ ልጅ እኮ ግዴለሽ ነው!» ስሙ ባይጠራም የትኛው እንደሆነ አውቀዋለሁ። የቤት ሥራ የማያመጣው፣ ጠዋት ጠዋት የሚያንቀላፋው፣ ቦርሳውን ከትከሻው አላወርድም ብሎ ድርቅ የሚለው። አሥራ ስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ከነዚህ ልጆች እውነተኛ ግዴለሽ ሆኖ ያገኘሁት በጣት ይቆጠራል። ብዙዎቹ ማታ የት እንደሚያድሩ የማያውቁ ልጆች ነበሩ።

ስለነሱ የሚወራውን ስሰማ ጨጓራዬ ይላጣል። ስለዚህ አንድ ባንድ እንነጋገር። ትንንሾቹን ወሬዎች ቶሎ ቶሎ ላሳልፋቸው።

«ቤት የሌለው ልጅ ማለት ጎዳና ላይ የሚያድር ነው።» ጎዳና ላይ ያለው ለዓይን የሚታየው ብቻ ነው። ሌላው ዘመድ ቤት ሳሎን ወለል ላይ ነው ያለው። ወይ መጠለያ ውስጥ ነው፣ ወይ ርካሽ አልጋ ቤት፣ ወይ «ለጥቂት ቀን» ተብሎ በተገባበት የሰው ቤት። እነዚህን ማንም አይቆጥራቸውም። የሚቆጥር ሕግ ግን አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውና በኋላ የተሻሻለው የማኪኒ-ቬንቶ ሕግ፣ ቤት አጥተው ሰው ዘንድ የተጠጉ ልጆችንም ቤት አልባ ይላቸዋል። ቤተሰቡ ሰፈር ቢቀይር እንኳ ልጁ በነበረበት ትምህርት ቤት የመቀጠል መብት አለው፤ የሚጠቅመው እስከሆነ ድረስ። መጓጓዣውም ይታሰብለታል።

«ወላጆቹ ሰነፎች ስለሆኑ ነው።» ኪራይ ከደመወዝ እየፈጠነ ሲጨምር ቤት ለማጣት ስንፍና አያስፈልግም።

«ሕፃን ነው፣ ምን ይገባዋል?» የስድስት ዓመት ልጅ፣ አከራይ በር ሲያንኳኳ እንዴት ዝም እንደሚባል አሳይቶኛል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ እንደ ጨዋታ። ይገባዋል።

«ከወላጆቻቸው ወስዶ ማሳደጊያ ማስገባት ነው የሚሻለው።» ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ቅን ሰዎች ናቸው፤ እሱ ነው የሚያናድደው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት ምክንያት መሆን የለበትም። ቤት ላጣ ቤተሰብ መፍትሔው ቤት ነው እንጂ ልጁን መውሰድ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናዋ ልምጣ። «እነዚህ ልጆች ነገን አያስቡም፤ ያገኙትን ወዲያው ነው የሚያጠፉት።»

እኔም ብዬዋለሁ። የሦስተኛ ክፍል ልጆች አስተምር በነበረ ጊዜ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ፓኬት ባለቀለም እርሳስ አደልኩ። ለሙሉ ሴሚስተር እንዲበቃቸው ነበር። አንዱ ልጅ በአንድ ከሰዓት ጨረሰው። ሳይታክት ይስላል፣ ይቀርፃል፣ ይስላል። ጠረጴዛው ሥር የተከመረው ቅርፊት ብቻ ጉድ ያሰኛል። ሰማያዊው ከጥፍር አይበልጥም። ተናደድኩ። «ቆጥበህ ብትጠቀም ምን አለበት? ሌሎቹን አታይም?» አልኩት በልጆቹ ሁሉ ፊት።

ቀና ሳይል፣ «ቲቸር፣ ዛሬ ቤት ልንለቅ ነው። ባለፈው ስንለቅ ሁሉም እዚያው ተቆልፎበት ቀረ» አለኝ።

ምን እመልሳለሁ? እኔ ስለ ሴሚስተር ሳወራ እሱ ስለ ማታ እያሰበ ነበር። ነገን ማሰብ የጎደለው እሱ አልነበረም። ከክፍሉ ሁሉ አስልቶ የተጠቀመው እሱ ነው።

ይህን ነገር በሙከራ ያሳየችው ሲለስት ኪድ የምትባል ተመራማሪ ናት። ቤት ያጡ ቤተሰቦች በሚያድሩበት መጠለያ በበጎ ፈቃድ ሠርታለች። የታወቀውን የማርሽማሎ ሙከራ ሳትሰሙ አትቀሩም። ልጁ ፊት አንድ ጣፋጭ ይቀመጣል፤ «15 ደቂቃ ከጠበቅህ ሁለት ይሆንልሃል» ይባላል። ቶሎ የበላ ልጅ ለብዙ ዓመት ራሱን መግዛት እንደማይችል ሲቆጠር ኖሯል። ኪድ ግን የመጠለያውን ልጆች እያየች ሌላ ጥያቄ መጣባት። ያለው ነገር በማንኛውም ሰዓት ሊወሰድበት የሚችል ልጅ ምን ብሎ ይጠብቃል?

ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሳለች ከባልደረቦቿ ጋር 28 ትንንሽ ልጆችን ለሁለት ከፈሉ። መጀመሪያ ያረጀ ከለር ሰጥተው «ጠብቁ፣ የተሻለ እናመጣለን» አሏቸው። ለግማሾቹ አመጡ። ለግማሾቹ «ይቅርታ፣ ለካ የለንም» ብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በስቲከርም ያንኑ ደገሙት። ከዚያ ማርሽማሎው ቀረበ። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ጠበቁ፤ የተዋሹት 3 ደቂቃ። ከተዋሹት 14 ልጆች 15ቱን ደቂቃ የጨረሰው አንድ ብቻ ነው። ከሌሎቹ 14 ዘጠኙ ጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ልጆቹ የተመደቡት በጠባያቸው አይደለም። ልዩነቱ የመጣው ከደቂቃዎች በፊት አንድ አዋቂ ካደረገው ነገር ነው። በከለርና በስቲከር ሁለቴ መዋሸት ይህን ካደረገ፣ በዓመት አራት ጊዜ «አሁን ግን እዚህ እንቆያለን» የተባለ ልጅ ምን ይሁን?

እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ከ900 በላይ ልጆችን ያየ ሌላ ጥናት ወጣ። የቤተሰቡ ኑሮ ከግምት ሲገባ፣ ጣፋጩን መጠበቅና የኋላ የትምህርት ውጤት ያላቸው ግንኙነት በጣም ቀነሰ። እና እባካችሁ፣ ስለ «ትዕግሥት» ሥልጠና ስታወሩ እኔን አትጥሩኝ።

ባይሆን በተግባር የሚጠቅመውን ልንገራችሁ፤ በተለይ ለመምህራን።

ቦርሳውን አስወርዱት። ማለቴ፣ አታስወርዱት! ልብሱም፣ ፎቶውም፣ የልደት ካርዱም እዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንዲት ልጅ ቦርሳዋን እግሯ ላይ አስቀምጣ ስትጽፍ ዓመቱ አለቀ። ማንንም አልረበሸችም።

ጠዋት ካንቀላፋ ሌሊቱን ጠይቁ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ሰባት ሰው በሚያድርበት ክፍል መብራት የሚጠፋው ሰባተኛው ሲተኛ ነው። እኔ አሁን ከኋላ ጥግ ሃያ ደቂቃ አስተኛለሁ። የሚያሾፍብኝ ያሹፍ።

የቤት ሥራ ስሙ ራሱ ቤት ይላል። ጠረጴዛ የሌለውን ልጅ በቤት ሥራ ማርክ መቅጣት ቤት በማጣቱ መቅጣት ነው። እረፍት ሰዓት ላይ ወይም ከትምህርት በኋላ እዚያው ይሥራው። «ቤታችሁን ሳሉ» የሚባል የሥዕል ሥራም ይቅር። የምትወዱትን ቦታ ሳሉ ብትሏቸው ምን ይጎድላል? የት እንደሚኖር በክፍሉ ፊት አትጠይቁት። ደግሞ ያላመናችሁበትን ተስፋ አትስጡት። «ነገ አመጣልሃለሁ» ካላችሁ ነገ አምጡለት፤ ካልሆነላችሁ ዝም በሉ።

አንድ ነገር ደግሞ። እነዚህ ልጆች ሳይሰናበቱ ነው የሚሄዱት። ሰኞ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፣ አለቀ። ስለዚህ የውጤቱን ቅጂና የት ምዕራፍ ላይ እንደደረሰ የምትገልጽ አጭር ማስታወሻ ቀደም ብላችሁ ለወላጁ ስጡ። የሚቀበለው ትምህርት ቤት ከዜሮ አያስጀምረውም። ባለ እርሳሱ ልጅ ሲሄድ ይህን አላወቅሁም ነበር።

የመጨረሻዋ፦ «ጎበዝ ከሆነ ራሱን ያወጣል።» ይህን የሚል ሰው ሁልጊዜ አንድ ምሳሌ አለው። ከምንም ተነስቶ ዶክተር የሆነ እገሌ። አብረውት የተቀመጡት ልጆች የት ደረሱ ብዬ ስጠይቅ እስካሁን የመለሰልኝ የለም። ይልቅ ዕጣ ያወጡትን እንይ። አሜሪካ ውስጥ ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአምስት ከተሞች፣ በድሆች መኖሪያ ሕንፃዎች ይኖሩ ለነበሩ ቤተሰቦች የተሻለ ሰፈር የሚከራዩበት ድጎማ በዕጣ ተሰጠ። ዕጣ ጉብዝናን አይመርጥም። 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩት ልጆች አድገው ሲሠሩ፣ ዕጣው ካልወጣላቸው እኩዮቻቸው ገቢያቸው በ31 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ከዚያ ዕድሜ በኋላ የተዛወሩት ግን ይህ ጥቅም አልታየባቸውም።

የሦስተኛ ክፍል ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።