የተፈጥሮ ኦርጋኒክ ቁስን በአዮን መለዋወጫ ሬዚን ከውሃ ማስወገድ

ከበሰበሰ ቅጠል፣ ከአፈርና ከአልጌ የሚወጣ ረቂቅ ቁስ በወንዝም ሆነ በግድብ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይገኛል። በብዛት የሚታወቁት ሂዩሚክና ፉልቪክ አሲዶች ናቸው፤ ሲበዙ ውሃው እንደ ቀጭን ሻይ ይጠይማል። ቁሱ በራሱ ያን ያህል የሚያሰጋ ባይሆንም፣ ተህዋስያንን ለመግደል ከሚጨመረው ክሎሪን ጋር ሲገናኝ ትራይሃሎሜቴን የተባሉ ጎጂ ውህዶች ይፈጠራሉ። ይህን ዮሃንስ ሩክ እ.ኤ.አ. በ1974 በሮተርዳም ውሃ ላይ ባደረገው ጥናት ይፋ አድርጓል። ዛሬ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም የውህዶቹ ድምር በዓመታዊ አማካይ በሊትር ከ80 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ያስገድዳል። ክሎሪኑን መቀነስ ሕዝብን ለተህዋስያን ማጋለጥ ስለሚሆን፣ ትክክለኛው መንገድ ቁሱን አስቀድሞ ማውጣት ነው።

ለዚህ የሚያገለግለው ሬዚን አዎንታዊ ቻርጅ ያላቸው ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች ሲሆን፣ በላያቸው ክሎራይድ አዮን (አሉታዊ ቻርጅ ያለው የክሎሪን ቅንጣት) ይዘዋል። ኦርጋኒክ አሲዶቹ በተለመደው የውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) አሉታዊ ቻርጅ ስላላቸው ክሎራይዱን አስለቅቀው ቦታውን ይይዛሉ። እንክብሉ ሲሞላ፣ 10 በመቶ ገደማ ጨው ባለበት ውሃ ይታጠባል፤ የክሎራይዱ ብዛትም የተያዘውን ቁስ ያስለቅቀዋል።

ተራው ሬዚን በዓምድ ውስጥ ስለሚታጨቅ ድፍርስ ውሃ ቶሎ ይደፍነዋል። ለዚህ ችግር መፍትሔ ያስገኘው አውስትራሊያ ውስጥ የደቡብ አውስትራሊያ የውሃ ኮርፖሬሽን፣ ሲኤስአይአርኦ የተባለው የምርምር ተቋምና ኦሪካ ኩባንያ በጋራ የሠሩት ማይኤክስ የተባለ መግነጢሳዊ ሬዚን ነው። እንክብሎቹ ከ0.2 ሚሊሜትር ያነሱ ናቸው፤ በውስጣቸውም ብረት ኦክሳይድ አለ። በገንዳ ውስጥ ከጥሬው ውሃ ጋር ሲማሰሉ ተበትነው ይንሳፈፋሉ፤ ማማሰሉ ሲቆም ግን በመግነጢስ እርስ በርስ ተሳስበው ይጓጉላሉ፣ ፈጥነውም ይዘቅጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በደቡብ አውስትራሊያዋ ማውንት ፕሌዛንትና በምዕራብ አውስትራሊያ ከፐርዝ በስተሰሜን በምትገኘው ዋነሩ ሥራ ላይ ውሏል።

በውሃ ማጣራት የተለመደው አሉም (ቆሻሻን አጓጉሎ የሚያዘቅጥ የአሉሚኒየም ጨው) በተለይ ትልልቆቹን ሞለኪውሎች ሲያወርድ፣ ሬዚኑ ከአሉም የሚያመልጡትን ትንንሾችም ይይዛል። ድፍርስነትን ግን ስለማያጠራ፣ በብዙ ጣቢያዎች አሉም ከእርሱ ቀጥሎ በአነስተኛ መጠን ይጨመራል። ቻርጅ የሌለው ቁስ ያልፈዋል፤ በውሃው ውስጥ የበዛ ሰልፌት ደግሞ እርሱም አሉታዊ ቻርጅ ስላለው በእንክብሉ ላይ ያለውን ቦታ ይሻማል።

ከሁሉ የሚከብደው ከእጥበቱ የሚወጣው ቡናማ የጨው ውሃ ነው። ወደ ወንዝ ወይም ወደ እርሻ ቢለቀቅ ውሃውንና አፈሩን ጨዋማ ያደርጋል፤ ከባሕር የራቀ ጣቢያም በማትነኛ ገንዳ ማድረቅ ወይም በናኖ ማጣሪያ (እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ስስ ማጣሪያ) ጨዉን ለይቶ መልሶ ለእጥበት ማዋል ይኖርበታል።