ሞቢሊቲ ምንድን ነው? በትር ማደል አይደለም

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ለዓይነ ስውራን የሞቢሊቲ ስልጠና ተሰጠ» ሲል ሰማሁ። የተደረገው ነገር ንግግር፣ ሻይ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነጭ በትር ነበር። «በትሩን ከያዙ ራሳቸው ይለምዱታል፤ ፈጣሪ ዓይን ሲወስድ ጆሮ ይጨምራል» አለ ሰውዬው። ይህን ስንቴ እንደሰማሁት!

ሙሉ ስሙ ኦሬንቴሽንና ሞቢሊቲ ነው። እኛ አሰልጣኞቹ ስናሳጥረው የፊተኛውን ግማሽ ጣልነው። ሞቢሊቲ መንቀሳቀስ ነው። ኦሬንቴሽን ግን የት እንደቆምኩ፣ ፊቴ ወዴት እንደዞረ፣ የምሄድበት በየት በኩል እንደሆነ ማወቅ ነው። ይህ ከሌለ በትሩ ከጉድጓድ ያድናል እንጂ ቤት አያደርስም።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንድ እናት አሰለጥናለሁ። ግላኮማ ቀስ በቀስ ዓይናቸውን ወሰደባቸው። እዚያ ብሎኮቹ ስለሚመሳሰሉ ዓይን ያለውም ይስታል። የመጀመሪያ ቀን በትር አልሰጠኋቸውም። ደረጃው ሥር ቆመን «እማማ፣ ምን ይሰማዎታል?» አልኳቸው። ወደ ጉሊት ሲሄዱ ወፍጮ ቤቱ በቀኝ ይጮሃል። የጠዋት ፀሐይ ማጅራታቸውን ታሞቃለች። ኮብልስቶኑ አልቆ ኮረቱ ሲጀምር ጉሊቱ ቀርቧል ማለት ነው።

ሲመለሱ ግን ጠፉ። ወፍጮው በግራ ሲሰማቸው የተሳሳቱ መስሏቸው ድምፁን ወደ ቀኝ ለማምጣት ዞሩ፤ ተመልሰው ወደ ጉሊቱ ሄዱ። ጆሯቸው ደህና ይሰማል። ያልሰለጠነው የሰሙትን ከቦታው ጋር ማገናኘቱ ነው። በጉልምስና ዓይኑን ያጣ ሰው ጆሮ በራሱ አይሳልም። እንዲያውም ዕድሜ ሲገፋ መስማትም ይደክማል።

እኚህ እናት ዕድሜ ልካቸውን እንጀራ ጋግረዋል። እናም እንዲህ አልኳቸው፦ በትሩ ምጣድ ነው፣ ኦሬንቴሽን ሊጡ ነው። ምጣድ ስለተሰጠ እንጀራ አይገኝም። ሊጡ ካልቦካ ዓይን አያወጣም። መቡካት ደግሞ ቀን ይፈልጋል፤ በብርድ ጊዜ ይበልጥ ይቆያል። ዓይኑን በቅርቡ ያጣ፣ ገና ሐዘን ላይ ያለ ሰውም እንደዚያው ነው፤ አይቸኮልም። ምጣዱም ቢሆን መሟሸት አለበት። በትር በቁመት ይለካል፣ ቆሞ ደረት አጥንት አካባቢ ይደርሳል። ለሁሉም አንድ ልክ ማደል ምን የሚሉት ነው?

አያያዙም ስልት አለው። ስልቱ የተቀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ አሜሪካውያን ወታደሮች ነው፤ ሪቻርድ ሁቨር ይባላል የቀመረው። ቀኝ እግር ሲቀድም የበትሩ ጫፍ ግራውን ይነካል፣ ግራ ሲቀድም ቀኙን። ቀጥሎ የሚረገጠው ቦታ አስቀድሞ ይፈተሻል። ይህ በአንድ ከሰዓት አይለመድም።

መቼም ይህን ሳልናገር አላልፍም፦ በትር ከወገብ በላይ ያለውን አያውቅም። የተንጠለጠለ ቆርቆሮ፣ የልብስ ገመድ፣ ከአይሱዙ ላይ የወጣ ብረት ፊት ይመታል። በስኳር ምክንያት ዓይኑን ያጣ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እግሩም ይደነዝዛል፤ «ኮረቱን በእግርዎ ይለዩ» ማለት ለእሱ አይሠራም። ደግሞ ብዙዎቹ ሰልጣኞች ጥቂት ብርሃን ያያሉ። የቀረችውን እይታ መጠቀምም ራሱ ስልጠና ነው።

ባለፈው እሑድ ጠዋት እማማ ከጉሊት ሲመለሱ ራቅ ብዬ ተከተልኳቸው። ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነበር። መንገዱ መሐል ቆሙ። አንድ ልጅ እጃቸውን ሊጎትት ሲል «ቆይ ልጄ» አሉት። ፀሐይዋ በቀኝ ጉንጫቸው ነበረች። ግንባራቸው ላይ እስክትመጣ ቀስ ብለው ዞሩ፣ በትራቸውን ዘረጉ፣ ወደ ብሎካቸው ሄዱ።