የጎንደር ኖራ፦ ታሪኩ፣ አሠራሩና ዛሬ ያለበት ሁኔታ

የጎንደር ኖራ የሚባለው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዙሪያ፣ በጎርጎራ፣ በአዘዞ፣ በደንቀዝና በጎንደር ከተማ ለቤተ መንግሥት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለድልድይና ለውሃ ገንዳ ግንባታ የዋለው፣ ድንጋይ ተቃጥሎ የሚሠራው ማያያዣ ነው። ምርቱ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ እየመነመነ ሄዶ በሰፊው መካሄዱ ቀርቷል። ስለ ግንቦቹና ስለ ነገሥታቱ ብዙ ተጽፏል፤ ድንጋዩን ከድንጋይ ጋር ይዞ ለአራት መቶ ዓመት ያህል ስላቆመው ነገር ግን በአማርኛ ተሰብስቦ የሚገኝ ጽሑፍ እምብዛም የለም። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድንጋዩ

የጎንደር ምድር እሳተ ገሞራ የወለደው ምድር ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ቅልጥ አለት በመቶዎች ሜትር የሚለካ የጥቁር ድንጋይ ንጣፍ ሆኖ ሰሜን ምዕራቡን ደጋ ሸፍኖታል። ትልቁ የኖራ ድንጋይ ክምችት ከዚህ ንጣፍ በታች የተቀበረ ሲሆን በግልጽ የሚታየው የዓባይ ወንዝ ምድሩን ሰንጥቆ በወረደበት በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ባለው ገደል ነው። ይህ ለጎንደር ግንበኛ ሩቅ ነበር። ጥቁር ድንጋይ ደግሞ የፈለገውን ያህል ቢቃጠል ኖራ አይወጣውም። በጣና ዙሪያ የሚገኘው በየቦታው የተበታተነ ትንንሽ ክምችት ብቻ ነው። የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሚሲዮናውያን የገለጹት ድንጋይ ነጣ ያለ፣ ቀላልና ነቀዝ የበላው የሚመስል ቀዳዳማ ነው። ገለጻው ከምንጭ ውሃ ውስጥ ካልሲየም እየረጋ ከሚሠራው ድንጋይ ጋር በደንብ ይስማማል።

የኖራ ድንጋይን ከሌላው ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። በቢላ ይጫራል፤ በአዲስ ስብራቱ ላይ ሎሚ ሲጨመቅበት አረፋ ያወጣል። አረፋው ደካማ ከሆነ ድንጋዩ ሸክላ አፈር ወይም አሸዋ በብዛት ተቀላቅሎበታል ማለት ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ኖራም የዚያኑ ያህል ደካማ ይሆናል።

አመጣጡ

አክሱማውያን ታላላቅ ሕንፃዎቻቸውን የሠሩት በጥርብ ድንጋይ፣ በእንጨትና በጭቃ ነው። የላስታ ነገሥታት ከአለት ስለፈለፈሉ ማያያዣ አላስፈለጋቸውም።

ኖራ መቼ እንደተጀመረ ሲነገር በመጀመሪያ የሚነሣው ከእንፍራዝ በላይ ያለው የጉዛራ ግንብ ነው። የአካባቢው ትውፊት ግንቡን የአፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) ሥራ ያደርገዋል። ይህ ከሆነ የኖራ ግንባታ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ከሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ሥራ በፊት በሀገሩ ይታወቅ ነበር። አንዳንድ ተመራማሪዎች ግን የአሠራሩን ዘዴ በማየት ወደ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያመጡታል። ትውፊቱ ግን የጸና ነው፤ በቀላሉም የሚጣል አይደለም።

በጽሑፍ በደንብ የተመዘገበው ዘመን የአፄ ሱስንዮስ (1607–1632) ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ካህን በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በ1614 አካባቢ በጎርጎራ ልሳነ ምድር ላይ ለንጉሡ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት አሠራ። መሣሪያዎቹን ራሱ እየቀጠቀጠ፣ የጥርቡን ሥራ ለሀገሬው ሠራተኞች እያሳየ እንደሠራው ተጽፏል። ይሁን እንጂ ያ ቤት በኖራ አልተሠራም። ፓኤዝ የኖራ ድንጋይ አላገኘም ነበርና ድንጋዩን የያዘው ጭቃ ነው። ጭቃ ማያያዣ የሆነበት ግድግዳ ከባድ ቅስት አይሸከምም፤ ውሃ ከላይ ከገባበትም ጭቃው ታጥቦ ግድግዳው ሆዱን ይነፋል። ስለዚህ ጣሪያው የእንጨት ነበር።

ለውጡ የመጣው በ1620ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከህንድ የመጣ አንድ ሰው ያንን ቀላልና ቀዳዳማ ድንጋይ አይቶ በካምቤይ ኖራ የሚቃጠልበትን ድንጋይ እንደሚመስል ተናገረ፤ ሲቃጠልም ነጭ ኖራ ወጣው። ግኝቱን አንዳንዶች ለኢየሱሳውያን፣ ሌሎች ለህንዳውያን ግንበኞች ይሰጣሉ። ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው የጻፉት ሰውየው ከህንድ መምጣቱን ስለሆነ ሁለተኛው ይበልጥ ያሳምናል። ከዚያ በኋላ ሥራው በፍጥነት ተስፋፋ። በአዘዞ የገነተ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንና የአትክልቱ የውሃ ገንዳ፣ በደንቀዝ የሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ከነውሃ ማጠራቀሚያው፣ በ1625 በመጣው የካቶሊክ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ጊዜ ደግሞ በአዲሱ ጎርጎራ ዛሬ ማርያም ግምብ የሚባለው ባለ ጥርብ ጌጥ ቤተ ክርስቲያን ተሠሩ። የደንቀዙን ቤተ መንግሥት የሠራው አብደል ከሪም የሚባል ህንዳዊ እንደሆነ፣ አንድ ግብፃዊ ባለሙያም አብሮት እንደነበረ ይነገራል። በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይም የዚሁ ንጉሥ ሥራ ሲሆን ዛሬም እግረኛ ይሻገርበታል።

ከ2006 ጀምሮ የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ቡድን ከኢትዮጵያውያን ጋር በአዘዞ፣ በደንቀዝና በጎርጎራ ቁፋሮና ልኬት አድርጓል። ስለዚያ አጭር ዘመን ይህን ያህል ዝርዝር ማወቅ የተቻለው በዚህና ሚሲዮናውያኑ በጻፏቸው ብዙ ደብዳቤዎች ነው።

የጎንደር ዘመን

አፄ ፋሲለደስ (1632–1667) ኢየሱሳውያኑን ካስወጡ በኋላ ኖራው አብሮ አልወጣም። ታላላቆቹ ሥራዎች የተሠሩት እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ነው፦ በ1636 አካባቢ በተቆረቆረችው ጎንደር የፋሲል ግንብ፣ የጥምቀተ ባሕሩ ገንዳ፣ በዓባይ ላይ ዛሬ ሰባራ ድልድይ የሚባለው፣ ከዚያም የዮሐንስ፣ የኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንፃዎች። የግንቦቹ ቅጥር 900 ሜትር ርዝመት አለው፤ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን ሁሉ «የፖርቱጋሎች ግንብ» እያሉ መጥራት ከዘመን አቆጣጠሩ ጋር የሚጋጭ ስሕተት ነው።

ሥራውን በእጃቸው ከያዙት መካከል ቤተ እስራኤል ግንበኞች ግንባር ቀደም ነበሩ። ነገሥታቱ በከተማዋ መኖሪያ ሰጥተዋቸዋል፤ አለቆቻቸውም አዛዥና በጅሮንድ የሚሉ ማዕረጎች አግኝተዋል። ዛሬ ዘሮቻቸው በእስራኤል ሲኖሩ የግንበኝነቱን ትውፊት ይዘው ሄደዋል።

የግድግዳው አሠራር ሲታይ የኖራ ቁጠባ ይነበባል። ውጭና ውስጡ በጥቁር ድንጋይ ይገነባል፤ መሐሉ በትንንሽ ድንጋይና በኖራ ይሞላል። ለበርና ለመስኮት ቅስት የሚገባው ቀላ ያለው ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ይህ በመጥረቢያ ስለሚታዘዝ መገጣጠሚያው ቀጭን፣ የሚበላው ኖራም ጥቂት ይሆናል። ወፍራም ኖራ የሚፈሰው በጣሪያው፣ በጉልላቱና በገንዳው ላይ ነው፤ ውሃ የሚያስገቡት እነሱ ናቸውና።

የኢያሱ ቀዳማዊ ቤተ መንግሥት በ1704 በደረሰ የምድር መንቀጥቀጥ ተጎድቷል። ከምንትዋብ የቁስቋም ሕንፃዎች በኋላ ዘመነ መሳፍንት መጣ፤ የሚያሠራ ንጉሥ ጠፋ፣ ግንበኛውም ተበተነ።

አቃጠሉና አነካከሩ

ኖራ ማቃጠል በየትም ሀገር አንድ ዓይነት ሕግ አለው። ድንጋዩ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። ንጹሕ ከሆነ ከ100 ኪሎ ድንጋይ 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል። መጠኑ ብዙም ሳይቀንስ ክብደቱ በግማሽ ሊጠጋ ስለሚወርድ፣ የበሰለውን ካልበሰለው ለመለየት በእጅ መመዘን ብቻ ይበቃል።

ምድጃው ብዙውን ጊዜ ነፋስ በሚያገኝ ቁልቁለት ላይ ተቆፍሮ ውስጡ እሳት በሚችል ድንጋይ ይገነባል። ድንጋዩ ጡጫ በሚያህል መጠን ይሰበራል። ትልልቁ ከታች ቅስት ሆኖ ይደረደርና የማገዶ ቦታ ይተውለታል፤ ትንንሹ ከላይ ይሞላል። የመጀመሪያው ቀን እሳት ለስላሳ መሆን አለበት። ድንጋዩ እርጥበት ስላለው ድንገት ከጋለ ይፈነዳል፤ የታችኛው ቅስት ከፈረሰም አየር መተላለፊያው ታፍኖ ምድጃው በሙሉ ይበላሻል። ከዚያ ለሁለትና ለሦስት ቀን፣ ትልቅ ምድጃ ከሆነም ከዚያ በላይ ሳይቋረጥ ይነድዳል። ማገዶው ቀላል አይደለም፤ በእንጨት በሚነድ ምድጃ ከሚወጣው ኖራ ክብደት የማያንስ ደረቅ እንጨት ይጠፋል። ጭሱ ጠርቶ ከላይ ያለው ድንጋይ ደማቅ ብርቱካንማ ሲሆንና ክምሩ ዝቅ ሲል እሳቱ ይቆማል።

እሳት ያነሰው ድንጋይ መሐሉ ጥሬ ሆኖ ስለሚቀር ውሃ ሲያገኝ አይፈርስም፤ ተለቅሞ ወደ ምድጃ ይመለሳል። የባሰው ከመጠን በላይ የጋለው ነው። ይህ ተጨናንቆ ውሃን ቶሎ አይቀበልም፤ ግድግዳ ላይ ከተለሰነ ከወራት በኋላ እየነፋ በልስኑ ላይ ጉድጓድ ይፈነቅላል።

ከምድጃ የወጣው ኖራ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በቶሎ መነከር አለበት። ሁልጊዜ ኖራው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ በኖራው ላይ አይፈስም፤ ውሃ ከላይ ከፈሰሰ ፈልቶ ሊፈናጠርና ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። በክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ ውሃ ይዘጋጃል፤ በርዶ እንደ እርጎ ሲረጋ በወንፊት ተጣርቶ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ላዩን ሁልጊዜ የአንድ መዳፍ ያህል ውሃ ሊሸፍነው ይገባል። ቢያንስ ሦስት ወር ይቆያል፤ ዓመት ቢቆይ ደግሞ የበለጠ ይለሰልሳል።

ለግንብ አንድ እጅ ኖራ በሁለት ተኩል ወይም በሦስት እጅ የታጠበ፣ ሻካራ አሸዋ ይደባለቃል። ውሃ መጨመር አያስፈልግም፤ ድብልቁ በደንብ ከተረገጠና ከተደበደበ በኖራው ውስጥ ያለው ውሃ ይበቃዋል። ውሃ በዝቶ ከተሠራ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀላው ድንጋይ ውሃ ስለሚጠጣ ከመገንባቱ በፊት በደንብ መርጠብ አለበት፤ ጥቁሩ ድንጋይ ግን ስለማይጠጣ ቢርከፈከፍ ይበቃዋል። ለገንዳና ለድልድይ እግር ንጹሕ ኖራ ብቻውን ውሃ ውስጥ አይጠነክርም። የተፈጨ ሸክላ ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ሲጨመርበት ግን ውሃ ሥርም ይይዛል።

በማያያዣው ውስጥ እንቁላል ተቀላቅሏል የሚለው ትውፊት በብዙ ቦታ ይነገራል። በደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለው፣ ብዙ ሰው የፖርቱጋል የሚለው ነገር ግን ራስ ዳርጌ እንዳሠሩት የሚነገረው ድልድይ በሰጎን እንቁላል ቅርፊትና በኖራ ተሠራ ይባላል። ቅርፊቱ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ስለሆነ ተፈጭቶ ቢገባ አይጎዳም። ሳይቃጠል ግን የአሸዋን ሥራ እንጂ የኖራን ሥራ አይሠራም።

ሲሚንቶና እድሳት

በ1936–1941 ጎንደርን የያዙት ጣሊያኖች ግንቦቹን በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ጠጋገኑ። በ1941 በነበረው ውጊያም የኢያሱ ቤተ መንግሥት በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ተጎዳ። ሲሚንቶ በኖራ ግንብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በዓይን የሚታይ ነው። ከዝናብ የመጣው እርጥበት በኖራው መገጣጠሚያ በኩል መውጣት ሲገባው ሲሚንቶው ይዘጋበታል፤ ስለዚህ በለስላሳው ቀላ ድንጋይ በኩል ለመውጣት ይገደዳል። ከሲሚንቶው የመጣ ጨው በድንጋዩ ቆዳ ሥር ሲከማች ድንጋዩን ቅርፊት በቅርፊት ይልጠዋል። በጊዜ ብዛት ሲሚንቶው ዘንግ ሆኖ ወደ ውጭ ተርፎ፣ ድንጋዩ በመሐሉ ተበልቶ ይቀራል። በ1970ዎቹ በዩኔስኮ ድጋፍ በተደረገው ጥገና ከዚህ ሲሚንቶ አብዛኛው ተነሥቶ በኖራ ተተክቷል። በቅርብ ዓመታት የተከናወነው ሰፊ እድሳትም ኖራን ተጠቅሟል፤ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው።

ጥገናው የሚጀመረው ከጣሪያ ነው። ከላይ ውሃ የሚያስገባ ስንጥቅ ሳይደፈን ግድግዳውን መለሰን ኖራውን ማባከን ይሆናል። በስንጥቁ የበቀለ ሾላ ወይም ዋርካ ሥሩ ሳይሞት ከተነቀለ ድንጋዩን ይዞ ይወጣል፤ መቆረጥና እስኪደርቅ መጠበቅ ይሻላል። መገጣጠሚያው የወርዱን እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ተጠርጎ፣ ታጥቦና ረጥቦ በቀጭን በቀጭኑ ይሞላል። ልስን በአንድ ጊዜ ከአንድ ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ነው፤ ለዚህም እርጥበት ያስፈልገዋል። የበጋ ፀሐይ በአንድ ቀን ካደረቀው ዱቄት ሆኖ ይራገፋል፤ ስለዚህ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ጧትና ማታ ውሃ ይርከፈከፍበታል። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ያጥበዋል። የሚመቸው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ነው።

ዛሬ በገበያ ያለው ኖራ ብዙ ዓይነት ነው። ለቆዳ ፋብሪካ ፀጉር ማስለቀቂያና ለነጭ ቀለም የሚሸጠው የተቃጠለ ነው፤ በደረቁ የተነከረ ዱቄት ከሆነና ከረጢቱ ተከፍቶ ካልቆየ ለግንብም ይሆናል። አሲዳማ መሬት ለማከም በሄክታር በቶን የሚበተነው፣ እንደ ጉደርና ደጀን ባሉ ቦታዎች የሚፈጨው የእርሻ ኖራ ግን ጥሬ ድንጋይ ነው። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸውና በዓይን አይለዩም። ጥሬው ሎሚ ሲነካው በኃይል አረፋ ያወጣል፤ በደንብ የተቃጠለውና አየር ያልመታው ግን እምብዛም አያወጣም። በእርሻ ኖራ የተገነባ መገጣጠሚያ ሲደርቅ የያዘ ይመስላል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያገኘው ግን ታጥቦ ይወርዳል።