ያረጀ ዴስክቶፕ፦ ማሻሻል ወይስ መለወጥ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ ውስጥ በየኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቱ፣ በየፎቶ ኮፒ ቤቱና በየሒሳብ ሠራተኛው ጠረጴዛ ሥር ካሉት የዴልና የኤችፒ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። አንዱ ሲንቀራፈፍ «ሽጠው»፣ «ራም ጨምርበት»፣ «ፎርማት አስደርገው» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። አንዳንዱ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ገንዘቡ የሚወጣው ምንም ላልሆነው ዕቃ ነው።

«ከተንቀራፈፈ አርጅቷል፣ መጣል ነው»

ፕሮሰሰር፣ ማለትም ሥራውን የሚያሰላው ቺፕ፣ እንደ ጫማ አያልቅም። የከበደው የሚጫንበት ፕሮግራም ነው። ሳንቲም ሳይወጣ በፊት፣ ማሽኑ በተንቀራፈፈበት ሰዓት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀርን፣ የእያንዳንዱን ክፍል ጭነት የሚያሳየውን መስኮት፣ መክፈት ነው። ፕሮሰሰሩ ከ10 እስከ 15 ከመቶ ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 ላይ ከተሰቀለ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። ራሙ፣ የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስቀመጫ፣ ከ90 ከመቶ በላይ ከቆመ ራም ያንሰዋል። ጠዋት ፈጥኖ ከቀትር በኋላ የሚደክም ከሆነ ደግሞ ሙቀትን መጠርጠር ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የአዳማን የንፋስ ተርባይን የሚያዞረው ንፋስ አቧራውንም ይዞ ይገባል፤ ወለል ላይ የተቀመጠ ኬዝ ውስጥ በሂትሲንኩ (የፕሮሰሰሩን ሙቀት በሚያስወጣው ብረት) ክንፎች መካከል እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ይገኛል።

ማጽዳቱ ቀላል ነው። ገመዱን ነቅሎ፣ ደጅ አውጥቶ በብሎወር መንፋት። ማራገቢያውን በጣት ይዞ ነው የሚነፋው፤ በነፋሱ ኃይል ከልኩ በላይ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይጎዳል። ሂትሲንኩ ከተነሳ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኘውን የደረቀ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ፔስት) በአልኮል ጠርጎ፣ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ጠብታ መሐል ላይ ማድረግ ይበቃል።

«መጀመሪያ ራም ይጨመርለት»

4 ጊጋ ላለው ማሽን፣ እውነት ነው። 8 ጊጋ ኖሮት 5ቱን ብቻ ለሚጠቀም ግን ወደ 16 ማሳደግ ለውጥ አያመጣም። የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነም ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የተባሉት የራም ዓይነቶች አይቀላቀሉም፤ ስንጥቃቸው ያለበት ቦታ ይለያያል፣ አልገባ ያለውን መግፋት ማስገቢያውን መስበር ነው።

ለአሮጌ ማሽን ነፍስ የሚዘራው ኤስኤስዲ፣ ማለትም በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባው በቺፕ የሚሠራ ማስቀመጫ፣ ነው። ሃርድ ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋ ባይት ገደማ ይደርሳል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚጠራቸው ግን የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎች ናቸው፤ የዲስኩ ማንበቢያ መርፌ ከጥግ ጥግ ሲሮጥ ንባቡ ወደ 1 ሜጋ ይወርዳል። ኤስኤስዲ የሚሮጥ መርፌ የለውም፤ በሳታ 3 (ዲስክ ከማዘርቦርድ ጋር በሚገናኝበት ሶኬት) በሰከንድ እስከ 500 ሜጋ ገደማ ያነባል። ሳታ 2 ብቻ ያለው ቦርድ ይህን በግማሽ ቢቀንሰውም ሃርድ ዲስኩ አይደርስበትም። ለቢሮ ሥራ 256 ጊጋ ይበቃል። አሮጌው ዲስክ ጤነኛ ከሆነ ለፋይል ማስቀመጫ አብሮ ይቆያል፤ ጠባብ ኬዝ ውስጥ የሚጎድለው ግን የፓወር ጫፍ ስለሆነ ከግዢ በፊት ክዳኑን ከፍቶ ማየት ነው። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ያለበት ማሽን ከሆነ ባክአፑ መጀመሪያ በፍላሽ ይያዝ፣ ሌላ ማሽን ላይም ተከፍቶ ይታይ።

«ፎርማት ከተደረገ እንደ አዲስ ይሆናል»

የተበላሸው ሶፍትዌር ከሆነ። ዲስኩ እየሞተ ከሆነ ግን ፎርማት በሽታውን ለጥቂት ሳምንት ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። የዲስክን ጤና የሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሰማያዊ ካሳየ ደህና ነው፤ ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ፎርማቱን ትቶ ፋይል ማዳን ይቅደም።

«ቀኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ ኢንተርኔት እምቢ ካለ ማዘርቦርዱ ሞቷል»

ብዙ ጊዜ የሞተው ሳንቲም የምታህለው ባትሪ ናት፤ ሲአር2032፣ 3 ቮልት። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ይጠፋል፣ ብራውዘሩም የድረ ገጾቹን ሰርተፊኬት በተሳሳተ ቀን መዝኖ አይከፍትም። በዚህች ምክንያት ስንት ደህና ማሽን በርካሽ ተሽጧል!

«አይ7 ምንጊዜም ከአይ3 ይበልጣል»

አይ3 እና አይ7 የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደረጃ ናቸው፤ ትውልዱን፣ ማለትም የወጣበትን ዘመን፣ ሳያዩ ቁጥሩን ማመን ስህተት ነው። አይ7-2600 እና አይ3-10100 ሁለቱም 4 ኮር (የማስሊያ ክፍል) እና 8 ትሬድ (በአንዴ የሚያስኬዱት የሥራ መስመር) አላቸው፤ አዲሱ አይ3 ይፈጥናል፣ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል።

«የፈለግከውን ግራፊክስ ካርድና ፓወር ሰፕላይ ይቀበላል»

የዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ማዘርቦርድ የሚቀበለው እንደተለመደው 24 ሳይሆን 8 ፒን ሶኬት ነው። ገበያ ላይ ያለው መደበኛ ፓወር ሰፕላይ ያለ መቀየሪያ ገመድ አይገባም። ጠባቡ ሞዴል 255 ዋት ብቻ ስላለው ልኩ እንደ ጂቲ 1030 ያለ፣ 30 ዋት የሚበላ አጭር ካርድ ነው።

«ዊንዶውስ 11 ካልተቀበለው አለቀለት»

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ እና ከኢንቴል በኩል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። በዘዴ አሮጌው ላይ መጫን ይቻላል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለዚያ ማሽን ማሻሻያ ለመላክ ግዴታ የለበትም። ደብዳቤ መጻፊያና ማተሚያ ብቻ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት የተባለው ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያሠራዋል። ፒችትሪና የባንክ ሥራ ያለበት ግን ይለወጥ። ዲዲአር2 ራም ያለው፣ ኮር ቱ ዱዎ የተባለው አሮጌ የኢንቴል ፕሮሰሰር የገባበት ማሽንማ ኤስኤስዲም ቢገባለት ትርፉ ድካም ነው።

«ከተለወጠ ሁሉም ይለወጣል»

የሚለወጠው ኬዙ ከነውስጡ ነው፤ ሞኒተሩ፣ ዩፒኤሱና የገባው ኤስኤስዲ ወደ አዲሱ ይዛወራሉ። አዲሱ ቪጂኤ ሶኬት (የአሮጌ ሞኒተር ገመድ የሚገባበት) ከሌለው ከዲስፕሌይ ፖርት ወይም ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አስማሚ ይፈልጋል፤ ውስጡ ቺፕ ያለው መሆን አለበት፣ ተራ ገመድ ምስል አያወጣም።