«በታብሌት ማውራት ምላሱን ያሰንፈዋል»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ስሰጥ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ሳልሰማ ያለፈ ወር የለም፦ «ሥዕል እየነካ በታብሌት ማውራት ከለመደ ምላሱ ይሰንፋል፤ ከዚያ ወዲያ ጭራሽ አይናገርም።» የሚሉት፣ መናገር ያቃተው ልጅ ሥዕል ሲነካ ቃሉን በድምፅ ስለሚያሰማለት ታብሌት ነው። አባቶች ይሉታል፤ መምህራን ይሉታል፤ አንዳንዴ ሐኪሞችም ይሉታል፤ የሐኪሞቹ ደግሞ ይብሳል፤ ወላጅ ያምናቸዋልና። ወደ እርሱ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ሌሎቹን ላንሳ።

«ኦቲዝም የሚመጣው ከስልክ ነው።» አይደለም። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ 11 ልጆችን አይቶ ኦቲዝምን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፤ ያኔ ስልክ በገመድ የታሰረ ዕቃ ነበር። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱም በአብዛኛው ቤት ታብሌት ቀርቶ ተንቀሳቃሽ ስልክ አልነበረም። ልጆቹ ግን ነበሩ፤ ብዙዎቹ ከጎረቤት ዓይን ተሰውረው። ሕፃን ልጅን ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ማዋል ንግግሩን ሊያዘገይ ይችላል፤ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ሲምታቱ እናት ባላጠፋችው ትወቀሳለች፤ ምርመራውም «እስቲ ስልኩን እንከልክለውና እንየው» እየተባለ ዓመት ይዘገያል። ልጃችሁ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ ስልኩንም ቀንሱ፣ ወደ ባለሙያም ዛሬውኑ ውሰዱት።

«ከቪዲዮ እንግሊዝኛ ይማራል።» የቀለም ስም ይሸመድዳል። የቀለማቱን ስም በእንግሊዝኛ የሚደረድር፣ ውሃ ሲጠማው ግን እያለቀሰ የእናቱን እጅ የሚጎትት ልጅ በየሳምንቱ አያለሁ። ቋንቋ የሚያዘው ለተናገሩት መልስ ሲገኝ ነው። ዋሽንግተን ካለች አያቱ ጋር በቪዲዮ መነጋገር ከዚህ ይለያል፤ አያት ትመልስለታለችና። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ከ18 ወር በታች ላሉ ሕፃናት የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ ይፈቅዳል።

«ስልክ ካላየ አይበላም።» ያስለመድነው እኛ ነን፤ ቀስ በቀስ ይተዋል።

«በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ታብሌት መንካት የለበትም።» የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ያስቀመጠው የ1 ሰዓት ገደብ ተቀምጦ ስክሪን ለማየት ነው። ያው መመሪያ ልጆቹ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱም ይጠይቃል፤ ይህን የሚጠቅስልኝ ወላጅ ግን አላጋጠመኝም። ልጅ «ውሃ» ለማለት የሚነካው ሰሌዳ በዚያ ሰዓት ውስጥ አይቆጠርም። እናንተስ በቀን ስንት ሰዓት ትናገራላችሁ?

አሁን ወደ «ይሰንፋል» ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሚላር የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ባሳተሙት የጥናቶች ግምገማ በጥንቃቄ ከተመዘኑት 27 ሰዎች መካከል በሥዕል፣ በምልክት ወይም በመሣሪያ መግባባት በመጀመሩ ንግግሩ የቀነሰበት አንድም አልነበረም፤ በ89 በመቶው ጨምሯል። ጭማሪው በአብዛኛው መጠነኛ ነው፤ ተአምር አልልም። እ.ኤ.አ. በ2014 ካሳሪ የተባለች ሌላ ተመራማሪና ባልደረቦቿ 61 ልጆችን ሲያጠኑም፣ ከሕክምናው ጋር ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ የተሰጣቸው በራሳቸው ተነሳሽነት ይበልጥ ሲግባቡ ተገኝተዋል። ምክንያቱ አይከብድም። መሣሪያው ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ፣ ሳይቆጣና ሳይሰለች ይደግምለታል። አፉን መጠቀም የቻለ ቀን ደግሞ በአፉ ይናገራል፤ ከጣት አፍ ይፈጥናል። መዳህ መራመድን ያስቀረበት ልጅ አይታችኋል?

አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረኝ። አያቱ በመጀመሪያው ቀን «ልጄ፣ በጣቱ ማውራት ከለመደማ አፉን ምን ብሎ ይከፍታል?» አሉኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ ጭንቅላቱን በመዳፉ መምታት ጀመረ፤ ከትምህርት ቤት «ጠባዩ ተበላሽቷል» የሚል መልእክት መጣ። የአካል ክፍሎችን ሥዕል የጨመርንለት ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነበር። አንድ ማለዳ እናቱ ጫማውን ስታስር ታብሌቱን ጎትቶ «ጆሮ» ነካ፤ ቀጥሎ «አመመኝ»። እንደገና «ጆሮ»፣ «አመመኝ»። ሐኪሙ ሲያየው ጆሮው መግል ቋጥሮ ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮ አያትየው የራሳቸው ድምፅ እንዲቀዳ ጠየቁ፤ «እምዬ ነይ» የሚለው እስካሁን በእርሳቸው ድምፅ ነው። ልጁ ዛሬ ሃያ የሚሆኑ ቃላት በአፉ ይናገራል፤ ቀሪውን በታብሌቱ።

ለምትጀምሩ፦ በአማርኛ ጥሩ ድምፅ ያለው መሣሪያ እስክታገኙ አትጠብቁ። የራሳችሁን ድምፅ መቅዳት የሚያስችል ነፃ መተግበሪያ ይበቃል። አሥር ፎቶ አንሡ፤ የራሱን ኩባያ፣ የራሱን አልጋ፣ የቤቱን እንጀራ። «ስጠኝ» የሚለውን ብቻ ሞልታችሁ አትተዉት፤ «አልፈልግም» እና «በቃ» ከመጀመሪያው ይግቡ፤ እምቢ ማለት የሚችል ልጅ መናከሱን ይቀንሳል። ስትናገሩ እናንተም ንኩ፤ ሰጥታችሁት ዞር ካላችሁ አይማረውም። ከቻላችሁ ቪዲዮና ጨዋታ የሌለበት ለብቻው የተለየ ታብሌት ይሁን፤ ካልሆነም በማስተካከያው ውስጥ ሌላ መተግበሪያ እንዳይከፈት የሚቆልፍ አማራጭ አለ። መብራት ይጠፋል፣ ባትሪም ያልቃል፤ ስለዚህ እነዚያኑ ሥዕሎች ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማችሁ ፕላስቲክ አልብሱና ቦርሳው ውስጥ አኑሩ።

አንድ አባት በቅርቡ «ስላጠፋ ታብሌቱን ሁለት ቀን ቀማሁት» አሉኝ። «ሁለቱን ቀን ውሃ ሲጠማው ምን አደረገ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። ካርቱኑን ንጠቁት፤ ኳሱንም ንጠቁት፤ የሚናገርበትን ግን ለቅጣት አትንጠቁት። ትምህርት ቤቱ «ስልክና ታብሌት ክልክል ነው» ብሎ በር ላይ ካስቀረበትም ተጣልታችሁ አትመለሱ፤ መሣሪያው መናገሪያው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከባለሙያችሁ ጠይቁ። እንጽፋለን።