የግሪክ ደሴቶች በሸራ ጀልባ፦ ሰው የሚለውና ባሕሩ የሚለው

ባለፈው አንድ ወዳጄ ደወለ። «በጁላይ ለአንድ ሳምንት የሸራ ጀልባ እንከራይ። ከአቴንስ ሚኮኖስ፣ ከሚኮኖስ ሳንቶሪኒ፣ ከዚያ መመለስ ነው። ትመጣለህ?» ፎቶ አይቶ ነው። ነጭ ጀልባ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ብርጭቆ የያዘ ሰው። ሁለቴ ሄጄበት ስለማውቅ እምቢ አላልኩትም። ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት ግን ብዙ ነገር አረምኩት። ያው ለእናንተም ይኸው።

«ሰማዩ ጥርት ካለ ባሕሩም ሰላም ነው»

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። እኛ ነፋስ ሲበረታ ዝናብ ሊመጣ ነው ብለን ልብስ ከገመድ ላይ እናነሳለን። ሚኮኖስና ሳንቶሪኒ ባሉበት በኤጂያን ባሕር ግን በበጋ አንዲት ደመና ሳትታይ ኃይለኛ የሰሜን ነፋስ ይነሳል። ግሪኮቹ መልቴሚ ይሉታል። በባልካን በኩል የአየር ግፊቱ ከፍ ይላል፣ በቱርክ በኩል ዝቅ ይላል፤ አየሩ በሁለቱ መሀል ወደ ደቡብ ይጋልባል። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ያለ ሲሆን የሚብሰው ጁላይና ኦገስት ላይ ነው። አዲስ አበባ ጃንጥላ በሚያዝበት ጊዜ ማለት ነው። የነፋስ ኃይል በሚለካበት በቦፎርት መለኪያ 5 እና 6 የተለመደ ነው፤ 7 ሲደርስም ማንም አይገረምም። 7 ማለት በሰዓት ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በመጀመሪያው ጉዞዬ ኪትኖስ ደሴት ላይ ሁለት ቀን ታግተናል። ሌሊቱን ሙሉ ገመዶቹ ምሰሶውን እየመቱ ሲያንቃጭሉ አደሩ። ጠዋት ብቅ ስል ሰማዩ የመስከረም ሰማይ ነው፣ ኩልል ያለ። የቡና ቤቱ የፕላስቲክ ወንበሮች ግን በመንገዱ ላይ እየተንከባለሉ ነበር። ስኪፐራችን፣ ማለትም ጀልባውን የሚነዳልን ሰው፣ ትንበያውን አየና ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ዛሬ ቡና ነው» አለ። በቃ፣ የቀኑ ፕሮግራም ያ ሆነ።

ይሄን ሰምቶ ግሪክ በሙሉ እንዲህ ነው የሚልም አለ። አይደለም። በምዕራብ በኩል ያለው የአዮኒያን ባሕር፣ ማለትም ኮርፉ፣ ሌፍካዳ፣ ኢታካና ኬፋሎኒያ፣ ለስለስ ያለ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ደስ የሚል ነፋስ ይነሳል። ለጀማሪ እሱን ነው የምመርጠው።

«በሳምንት ሚኮኖስና ሳንቶሪኒ ደርሶ መልስ»

እስቲ እናስላው። 12 ሜትር የሚሆን የሸራ ጀልባ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ኃይሌ ቢሆን ጥሎን ይሄድ ነበር። ከአቴንስ ሳንቶሪኒ በባሕር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሳይቆሙ እንኳ ከ20 ሰዓት በላይ። ኪራዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ትረከባላችሁ፣ ዓርብ ማታ መመለሻው ወደብ ላይ መገኘት አለባችሁ። ሲሄዱ መልቴሚ ከኋላ ይገፋል፣ ደስ ይላል። ሲመለሱ ፊት ለፊት ይጠብቃል። የሸራ ጀልባ ነፋሱን በቀጥታ ሰንጥቆ መሄድ አይችልም፤ ዚግዛግ መሥራት አለበት፣ መንገዱም ይረዝማል። ሞተር አለ፤ ሸራ ብቻ ነው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው እንጂ ሁሉም ማለት ይቻላል ናፍጣ ሞተር አለው። ግን በማዕበል ላይ ፊት ለፊት በሞተር መሄድ አንጀት ያናውጣል።

ሳንቶሪኒስ? ያ ፎቶ ላይ የምናየው ገደል የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። ከሥሩ ያለው ውሃ ከ300 ሜትር በላይ ይጠልቃል። የጀልባዋ የመልሕቅ ሰንሰለት ደግሞ ከ50 እስከ 80 ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ በደቡብ በኩል ቭሊሃዳ የምትባል ጠባብ ወደብ ይገባሉ፣ ቦታ ከተገኘ። ሳንቶሪኒን ማየት የፈለገ በፌሪ ቢሄድ ይሻለዋል።

ከአቴንስ ለሚነሳ ሰው የሳሮኒክ ደሴቶች አሉ፤ ኤጊና፣ ፖሮስ፣ ኢድራ። ኢድራ ላይ መኪና የለም፤ ሻንጣ የሚሸከሙት አህያና በቅሎ ናቸው። ለእኛ ብርቅ ባይሆንም።

«መልሕቅ ጥሎ መተኛት ነው»

በግሪክ ወደቦች ጀልባ ጎኑን ሰጥቶ አይቆምም። ራቅ ብሎ ከፊት መልሕቁን ይጥላል፣ ወደኋላ እየሄደ ይገባና ከኋላው በሁለት ገመድ ይታሰራል። ሁሉም እንዲህ ስለሚያደርግ ሰንሰለቶቹ ከውሃው ሥር ይደራረባሉ። ኢድራ ወደብ ላይ ኦገስት የሚገባ ሰው የመርካቶን ግርግር በውሃ ላይ ያየዋል። ጠዋት ጎረቤታችን መልሕቁን ሲያነሳ የኛን ይዞ ወጣ። እሱ በጣሊያንኛ፣ እኛ በእንግሊዝኛ ስንጯጯህ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ሁለት ልጆች እግራቸውን ውሃው ላይ አንጠልጥለው ይስቁብን ነበር።

«ሲያጋድል ይገለበጣል»

ስላጋደለ ብቻ አይገለበጥም። ከሆዱ ሥር ከባድ ብረት አለው፤ ብዙ ጊዜ የጀልባውን ክብደት ሲሶ ይሆናል። ባጋደለ ቁጥር ያ ክብደት መልሶ ያቃናዋል። የሚገለበጠው ጠረጴዛ ላይ የተውከው ሻይ ነው።

«የሀብታም ነገር ነው»

ግማሽ እውነት ነው። ሠራተኞች ያሉት ትልቅ ያት፣ አዎ። ተራው የሸራ ጀልባ ግን ስድስት ስምንት ሰው ያስተኛል፣ ዋጋውም ይካፈላል። ሜይና ኦክቶበር ከኦገስት በጣም ይረክሳሉ። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከኪራዩ ውጭ ለሚመጣው ነው፤ ናፍጣ፣ የጽዳት ክፍያ፣ የመያዣ ገንዘብ፣ የስኪፐሩ ክፍያ፣ የስኪፐሩ ምግብ። መንጃ ፈቃድ አለኝና ራሴ እነዳዋለሁ ማለትም አይሠራም። ግሪክ ውስጥ የጀልባ ብቃት ወረቀት ያለው ሰውና አብሮት ልምድ ያለው ሁለተኛ ሰው ይጠየቃል።

«ቱርክ እዚያው ነው፣ ብቅ ብሎ መመለስ ነው»

ከኮስ ደሴት የቱርክ ዳርቻ በዓይን ይታያል። በወረቀት ግን ሩቅ ነው። ባንድ ጊዜ መግቢያ የሸንገን ቪዛ የመጣ ሰው ቱርክ ከገባ ቪዛው አለቀ፤ ተመልሶ ግሪክ አይገባም። ቱርክም ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። የሸንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያለው በመመለሱ አይቸገርም።

«ሁሉ ነገር እንደ ሆቴል ነው»

የመጠጫና የመታጠቢያ ውሃው ከአንድ ታንክ ነው፤ ስምንት ሰው እንደልቡ ከታጠበ በሁለት ቀን ያልቃል። ሽንት ቤቱ ውስጥ ደግሞ ወረቀት አይጣልም። ቱቦው ቀጭን ነው፣ ይደፈናል፤ ወረቀቱ አጠገቡ ባለው ትንሽ ቅርጫት ነው የሚገባው።

ወዳጄ ነፋሱን፣ መልሕቁን፣ ቪዛውን ሲሰማ እየሳቀ ነበር። ዝም ያለው እዚህ ላይ ነው።